ሆሳዕና በኮምፒውተር ያሸነፈች ዕለት

አሜሪካኖች እግር ኳስ የሚሉት ጨዋታ በእጅ እንደሚጫወቱት ያወቅኩት ካገባሁ በኋላ ነው። ባለቤቴ ቻናል ሲቀያይር ራስ ቁር የደፉ ግዙፍ ሰዎች እንቁላል የመሰለ ኳስ አቅፈው ሲሮጡ አየሁና «ይኼ ደግሞ ምንድነው?» አልኩት። «የአሜሪካ እግር ኳስ ነዋ» አለኝ። የያዝኩትን ሳህን ሳላስቀምጥ ቆሜ ቀረሁ። በአሥራ አንድ ዓመቴ የዚያን ጨዋታ አሥራ ሁለት ቡድኖች ከነቁጥራቸው በቃሌ አውቃቸው ነበር። ማን ማንን ስንት ጊዜ እንደሚያሸንፍ፣ ማን በስንተኛው ዙር እንደሚወድቅ ጮክ ብዬ እያነበብኩ አስጽፌአለሁ። ኳሱ ግን ክብ ይመስለኝ ነበር። የሚመቱትም በእግር ይመስለኝ ነበር። በዚያ ዓመት የተሳሳትኩት በኳሱ ብቻ ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር።

ጊዜው ታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ነው። ቤታችን ሚዛን፣ ወደ አማን በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። ቲቶ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጅማ ኮምፒውተር ሲማር የመጨረሻ ዓመቱን ይዞ ነበር። የዚያን ሰሞን ከአውቶቡስ ሲወርድ ስክሪኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎት ነበር፤ ሌላውን ዕቃ አባቴ በጋሪ አስመጣው። ሳሎናችን ውስጥ ከቡና ጆንያዎቹ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተከለው። ሲበራ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል። መብራት ሲቆራረጥ ቲቶ ጭንቅላቱን ይይዛል።

የመመረቂያ ሥራው ነው። ህንዳዊ መምህሩ ከአንድ የአሜሪካ መጽሐፍ ርዕስ እየቀዳ ለተማሪዎቹ አደለ። ለአንዱ የሆስፒታል ወረፋ፣ ለሌላው የአውሮፕላን ማረፊያ ደረሰው። ለቲቶ የአሜሪካ እግር ኳስ ጥሎ ማለፍ ደረሰው።

«መምህሩም አይቶት አያውቅም፣ እኔም አላየሁት» ይላል እየሳቀ። «ቁጥሩ እስካለ ድረስ ማየት ምን ይሠራል?»

ሥራው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን ጥንካሬው በቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ለራሱ ያጫውታቸዋል። ሳንቲም እንደ መወርወር ነው፤ ሳንቲሙ ግን እኩል አይደለም፣ ወደ ጠንካራው ያጋድላል። የተሸነፈ ይወጣል፣ ያሸነፈ ያልፋል፣ እስከ ዋንጫ። ይህንን አሥር ሺህ ጊዜ ይደጋግመውና «ፒትስበርግ ይህን ያህል ጊዜ፣ ቴነሲ ይህን ያህል ጊዜ ዋንጫ በላ» ብሎ ይቆጥራል። አንዱ ዙር ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ነበር። እኛ ልጆቹ ዳቦ እየበላን እንጠብቀዋለን።

እኛ ልጆቹ የምለው እኔንና ሆሳዕናን ነው። ሆሳዕና የእናቴ የታላቅ እህቷ ልጅ ናት፤ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እናቷ ሸኮ ወረዳ ስትሞትባት መጀመሪያ አማን አንድ ነጋዴ ቤት «ታግዛቸው» ተብላ ተሰጥታ ነበር። በስምንተኛው ወር አንድ ቀን በዝናብ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ቤታችን በር ላይ ቆመች። «ከእንግዲህ ሰው ቤት ብትልኩኝ ሸኮ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ» አለች። አባቴ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር በአንድ አልጋ ትተኛለች፣ በአንድ ክፍል እንማራለን። እሷ አንደኛ ትወጣለች፤ እኔ አሥራ ምናምንኛ።

ኮምፒውተሩን ቶሎ የተረዳችው እሷ ናት። ቲቶ ቁጥር ሲሳሳት ከኋላው ቆማ «ጋሼ፣ ካሮላይና እኮ አሥራ ሁለት ነው ያሸነፈችው፣ አሥራ አንድ ነው የጻፍከው» ትለዋለች። እሱም «አንቺ ልጅ መምህሬ መሆን ነበረብሽ» ይላታል። የምትወደው ቡድን አሪዞና ነበር። ከአሥራ ስድስት ጨዋታ ዘጠኝ ብቻ አሸንፎ በመከራ የገባ ቡድን ነው። ኮምፒውተሩ ከመቶ ሦስት ሰጠው። «ሦስት እኮ ዜሮ አይደለም» አለችኝ አልጋ ውስጥ። «ከአሥር ሺህ ሦስት መቶ ጊዜ ዋንጫ ትበላለች ማለት ነው። ሦስት መቶ ጊዜ፣ ሣሪ! አስቢው።» ቲቶ ከኢንተርኔት ቤት ተመልሶ «አሪዞና አትላንታን አሸነፈች» ሲል ጆንያ ላይ ወጥታ ዘለለች።

የአባቴ እህት አክስቴ ጥሩነሽ ለገና ከጅማ መጣች። ወርቅ ጥርስ ነበራት፣ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ይገባል። ጅማ ግቢ ያለው ቤት አላት፤ ቲቶም አራቱን ዓመት የበላውና የተኛው እሷ ቤት ነው። ከምሳ በኋላ ሁለታችንን ጠርታ አጠገቧ አቆመችን። እጃችንን ገልብጣ አየች። አፋችንን አስከፍታ ጥርሳችንን አየች። «ማታ ታስላለች?» ብላ ስለ ሆሳዕና እናቴን ጠየቀች። ትምህርት ቤት ሰኞ ሰኞ ጥፍራችንን የሚያዩትን መምህርት አስታወሰችኝና ኮራሁ። ጥፍሬን ቆርጬ ነበር።

«ከሁለት አንዳችሁን ጅማ ወስጄ ላስተምር ነው» አለች። «እንደ ኢዮሲያሴ፣ ጥሩ ትምህርት ቤት።» ኢዮሲያስ ልጇ ነው፤ በእኛ ዕድሜ።

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር። ለትምህርት የሚወሰድን ልጅ ፈተናውን ሳይፈተን ማን ይወስደዋል? ዛሬ የልጄ የሜሪ ዳይሬክተር አንድ ቀን ብታስቀራት ሦስት ጊዜ የምደውል ሴት ነኝ። ያኔ ግን ከመካከላችን ይህን የጠየቀ አልነበረም። ሆሳዕና ብቻ «ለትምህርት ነው አይደል?» አለች። «እንዴታ!» አለቻት አክስቴ። «ሰው ቤት አይደለም አይደል?» «የአክስትሽ ቤት የሰው ቤት ነው እንዴ የኔ ቆንጆ?» ሆሳዕና ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው የምትበልጠው ትሂድ። በዝምድና ከሆነ ሣራ ናት ዘመድሽ። በውጤት ከሆነ ግን ይታይ» አለች። ትልልቆቹ ተያዩ።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ከማድ ቤቱ ጀርባ ተቀምጬ ኮረሪማ ስፈለፍል እናቴና ቲቶ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሣራ እዚያ አንድ ሳምንት አትችልም» አለች እናቴ።

«ሆሳዕናስ?»

«እሷ ትችላለች። ችላ ነው የመጣችው።»

«እንግዲህ እውነቱን ንገሪያት።»

«እምቢ ብላ ብትጠፋስ? የአማኑን ረሳኸው? አንተ ደግሞ የሴትዮዋን እንጀራ አራት ዓመት በልተሃል፤ አፍህን ሞልተህ አትናገር። ያንን ማሽንህን አጫውተውና በፍርድ ትሂድ። ማሸነፏ እንደሆነ አይቀርም።»

 «ውጤቷ እንደሆነ ከፍተኛ ነው» አለ ቲቶ።

እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሣራ አትችልም። እናቴ ደደብ ናት አለችኝ፤ ጅማ ትምህርቱ ይከብዳታል አለች፤ ከእኔ የእህቷን ልጅ መረጠች። ኮረሪማው እጄ ላይ ሸተተኝና አልቅሼ ጨረስኩ። ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ያንን ንግግር እንዲሁ ነው የተሸከምኩት።

በማግስቱ ቲቶ እኛን ሁለት ቡድን አድርጎ አስገባን። ሒሳብ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ ከካርዳችን ተገለበጠ። አክስቴ ወንበሯን አስጠግታ «ጤናም አግባበት» አለች። «ጠባይም። ጉልበትም።» «ጉልበት ምን ያደርጋል?» አላት አባቴ። «ትምህርት ጉልበት አይጠይቅም? ማልዶ መነሳት አለ፣ ልብስ ማጠብ አለ» አለችው። አባቴ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። የጅማ ትምህርት ቤት በልብስ ማጠብ የሚፈትን መሰለኝ፤ ባልዲ ማንሳት ባለመልመዴ ተቆጨሁ። ለጉልበት ሆሳዕና ዘጠና ሁለት፣ እኔ አርባ ተሰጠኝ። በሒሳብ እሷ ዘጠና አራት፣ እኔ ስልሳ አንድ።

«ነገ ቅዳሜ በጸሎት እናስጀምረዋለን» አለች እናቴ። «ዕጣ ነው፤ ዕጣ ከጌታ ነው። በጸሎት የወጣውን ማንም አይለውጠውም።» ይህን ያለችው ለሆሳዕና ነው፤ በኋላ አልሄድም እንዳትል። ሆሳዕና አንገቷን ነቀነቀች። ደስ ብሏት ነበር። በሕይወቷ አንድ ነገር በሕግ ሊሰጣት ነው።

ቅዳሜ ጧት ሁሉም ሰው ጓሮ ነበር። ቡናው ሊደርቅ ተሰጥቶ ዳመናው ሲጠቁር እሱን ለመሰብሰብ ተሯሯጡ። እኔን «በር ጠብቂ» አሉኝ። ቁጥር ማስገባቱን ለቲቶ ደጋግሜ ስላስጻፍኩት አውቀው ነበር። ዘጠና አራቱን አርባ ዘጠኝ አደረግሁት። ዘጠና ሁለቱን ሃያ ዘጠኝ። የእኔን ስልሳ አንድ ዘጠና አንድ፣ አርባውን ዘጠና።  ቲቶ እንዳስተማረን ማስቀመጫውን ተጫንኩና በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው የሚጮህብኝ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሁላችን ሳሎን ተሰበሰብን። እናቴ እጇን የኮምፒውተሩ ራስ ላይ ጫነች። «ጌታ ሆይ፣ አንተ የምታውቀውን እኛ አናውቅም፤ ፈቃድህን በዚህ ግለጥልን» አለች። አክስቴ «አሜን» አለች። ቲቶ አይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ማስጀመሪያውን ተጫነ። ግማሽ ሰዓት እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ማሽኑ ያጉረመርማል፤ እኔና ሆሳዕና እዚያ ውስጥ አሥር ሺህ ጊዜ እንታገላለን። እጄን ያዘችኝ። «ማናችንም ብንሄድ፣ የሄደችው ለቀረችው ትጽፋለች፣ እሺ?» አለችኝ። እጇ ሞቃት ነበር። እጄን አላስለቀቅኩም።

ከአሥር ሺህ አምስት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ያሸነፍኩት እኔ ነበርኩ።

ቲቶ ቁጥሩን ሁለቴ አነበበው። እናቴን አየኋት። ፊቷ አመድ መሰለ። አክስቴ «እንዴ፣ እኔ እኮ…» ብላ አቋረጠችው። አባቴ ከበሩ ላይ «በጸሎት የወጣ አይለወጥም አይደል ያልሽው?» አላት እናቴን፣ ቀስ ብሎ። በሳቅ ያለ መስሎኝ ነበር። አባቴ በዚያ ቀን ያለው ብቸኛው ነገር እሱ ነው።

እናቴ ባሸንፍ እንኳ እንደማትፈልገኝ ያረጋገጥኩት ያኔ ነው። አሁን የራሴ ልጅ አለችኝ። ሜሪ ትኩሳት ሲይዛት መስተዋት ውስጥ የማየው ፊት ያ ፊት ነው። እናቴ ለእኔ እየፈራች ነበር።

 ሆሳዕና ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለች። «የእኔ ሒሳብ ዘጠና አራት ነው። እዚህ አርባ ዘጠኝ ይላል።»

«ምን አልሽ?» አለች እናቴ።

«ጉልበቴም ሃያ ዘጠኝ አይደለም፣ ዘጠና ሁለት ነው። ዝናብ ሲመጣ ሁለቱን ጆንያ ማን አስገባው?» አክስቴን አየቻት። «ዛሬ ጧት አይተሽኛል።»

እናቴ ዘላ ተነሳች። «ልክ ነሽ! ልክ ነሽ የእኔ ልጅ!» ብላ ጉንጯን ሳመቻት። የእኔ ልጅ ስትላት የሰማሁት በዚያ ቀን ብቻ ነው። ዞር ብላ አየችኝ፤ ማንም ምንም ሳይነግራት አወቀች። ጥፊዋ ጆሮዬ ላይ አረፈ። «ሌባ!» አለችኝ። ጆሮዬ ውስጥ ዝናቡ እንደገና ጀመረ።

ሆሳዕና የራሷን ሁለት ቁጥር ብቻ ነው ያስተካከለችው። የእኔን ዘጠና አንድና ዘጠና አይታ አለፈችው። ቲቶም አልነካው። እንዲያም ሆኖ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ጊዜ አሸነፈችኝ። አጨበጨቡላት። እሷ ግን አልዘለለችም፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ ቁጥሩን ብቻ ታየው ነበር።

በሕይወቴ የሠራሁት ነውር ያ ይመስለኝ ነበር፤ ቁጥር መለወጤ። እዚያ ቤት ውስጥ ሆሳዕናን ሊያስቀራት የሚችል አንድ ነገር ተሠርቶ ከሆነ ግን እሱ ብቻ ነው። በዕውቀቷ አፈረሰችው፤ በዕውቀቷ ሄደች።

ሰኞ መናኸሪያ ሸኘናት። በጥሎ ማለፍ የተሸነፈ ነው ሻንጣውን ይዞ የሚወጣው፤ በእኛ ቤት ያሸነፈችው ነበረች ሻንጣ የያዘችው። ሻንጣው የእኔ ነበር። ቲቶ ከኢንተርኔት ቤት ሮጦ መጣና «ሆሲ! አሪዞና ካሮላይናንም ጣለቻት!» አላት። እዚያው ጭቃው ላይ ጮኸች፤ ረዳቱ ሳይቀር ሳቀ።

ከዚያ ወደ እኔ መጥታ አቀፈችኝ። «የጅማውን ደብተር ሁሉ እየገለበጥኩ እልክልሻለሁ። አንቺም ታውቂዋለሽ» አለችኝ።

ለሁለት ቀን ሳዘጋጀው የቆየሁት ነገር ነበረኝ። ጆሮዋ ላይ አፌን አድርጌ «አሸነፍሽ ተብሎ እናትሽ ከመቃብር አትነሳም» አልኳት።

ክንዶቿ ላላ አሉ።  አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ በመስኮቱ በኩል ለእናቴ እጇን አወዛወዘች። የመስኮቱ መስተዋት በውስጥ በኩል ጉም ለብሶ ስለነበር ፊቷን በደንብ አላየሁትም።

ደብዳቤዎቿ በየሴሚስተሩ በአውቶቡስ ረዳቶች እጅ ይመጡ ጀመር። «አንደኛ ወጣሁ።» «ክፍላችን ሃምሳ ሁለት ተማሪ አለው፤ አንደኛ ወጣሁ።» እናቴ ጮክ ብላ ታነብልንና ወደ እኔ ታያለች። እያንዳንዱ ደብዳቤ ጥፊ ነበር። እዚያ መሆን የነበረብኝ እኔ እንደሆንኩ እያሰብኩ በሚዛን ጭቃ ውስጥ ትምህርት ቤት እመላለስ ነበር። ጅማ ልሂድ፣ ልጠይቃት ስል እናቴ «ታስቸግሪያታለሽ፤ ጥናት ላይ ናት» ትላለች። ቲቶ ተመርቆ አዲስ አበባ ገባ። በዚያ ሥራው ጥሩ ውጤት እንዳገኘ ሰምተናል።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት የአሥረኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ጨርሼ ዓይኔን አመመኝ። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ማጂ ሄዳለች። አባቴ የጅማ የአውቶቡስ ቲኬት ይዞ ገባ። «ሐኪም ታይተሽ አክስትሽ ቤት እደሪ» አለኝ። «እማዬ ሳትፈቅድ?» ስለው «ሂጂና እይ» አለኝ። ዓይኔን ተመርምሬ እንድመጣ መሰለኝ።

በሩን የከፈተችልኝ ሆሳዕና ናት። ረዝማለች። በረኪና በረኪና ትሸታለች። የእጇ ቆዳ ነጭ ሆኖ ተላልጧል። «ሣሪ!» አለችና አፏን በእጇ ከደነች።

«ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» አልኳት፤ ሐምሌ መሆኑን ዘንግቼ። ተሳስቼ የጠየቅሁት ጥያቄ ነው፤ እሷ ግን ደንግጣ ወደ ቤቱ ዞራ አየች።

ምሳ ላይ አክስቴ ተቀምጣ በላች፣ እኔ ተቀምጬ በላሁ፣ ኢዮሲያስ ስልኩን እየነካካ በላ። ሆሳዕና ውሃ አስታጠበችን። ለእኔ ስታስታጥበኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

«እናትሽ ደህና ናት?» አለች አክስቴ። «ጌታ ይባርካት። ያኔ ሠራተኛዬ ጥላኝ ስትሄድ ሥራ የምትችል ልጅ ፈልጊልኝ ብዬ ላክሁባት፤ ከገዛ ቤቷ አውጥታ ሰጠችኝ። እንዲህ ያለ ዘመድ የት ይገኛል?»

«ለትምህርት አልነበረም?» አልኩ።

«ማን ነው ያለው? ያ የቲቶ ኮምፒውተር ነው?» ሳቀች፤ ወርቅ ጥርሷ ታየ። «እሱማ ልጅቷ እምቢ ብላ እንዳታስቸግር ነው እንጂ። እናትሽ ደግሞ ብልህ ናት። ሆሲ፣ ጨው አምጪልኝ እስቲ!»

ሆሳዕና ማድ ቤት ነበረች፤ የሰማች አይመስለኝም። እንዳልሰማች ነው ለራሴ የምነግረው።

ወደ ማታ ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለችውን የምትተኛባትን ክፍል አሳየችኝ። ከፍራሹ ስር የደብተር ክምር አለ፤ በሁሉም ላይ ኢዮሲያስ ተብሎ ተጽፏል፤ የእጅ ጽሑፉ የእሷ ነው።

«የቤት ሥራውን እኔ ነኝ የምሠራለት» አለችኝ። «ሲመለስ ያስረዳኛል ወይ እኔ አስረዳዋለሁ። አንደኛ ሲወጣ አንደኛ ወጣሁ ብዬ እጽፋለሁ። ሙሉ ውሸት አይደለም፣ ነው?»

«ሆሲ፣ ያን ጊዜ ቁጥሩን የለወጥኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። የአንቺንም አይቼዋለሁ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ማሸነፌ ካልቀረ ብዬ።» ፈገግ አለች። ከዚያ የተላላጠ እጇን ክንዴ ላይ አድርጋ «እማማን እንዳትነግሪያት» አለች። «በጌታ ይዤሻለሁ። እሷ ለትምህርት መስሏት ነው የሰደደችኝ። ብትሰማ ልቧ ይሰበራል።»

አፌ ተከፈተ። እናቴ ማወቋን ልነግራት ይገባ ነበር። ብነግራት ምን ይቀራታል ብዬ ፈራሁ፤ ያን ጊዜም እንደ አሁኑ ፈሪ ነበርኩ። «እሺ» አልኳት። በጧት ስወጣ አዲስ የጻፈችውን ደብዳቤ አስያዘችኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ ቤት ወጣች። አንዱ ቤይሩት ነች ይላል፣ ሌላው እዚያው ጅማ ወልዳለች ይላል። ስሟን ፌስቡክ ላይ ስፈልግ የማላውቃቸው ብዙ ሆሳዕናዎች ይወጣሉ። ቲቶን አንድ ጊዜ በስልክ ጠይቄዋለሁ። «ስሌቱ እኮ ልክ ነበር፤ በትክክለኛው ቁጥር ያሸነፈችው እሷ ናት» አለኝ። ባለቤቴ ይህን ታሪክ ያውቃል፤ ደብዳቤውን ይዤ ከተመለስኩ በኋላ የሆነውን ግን አልነገርኩትም።

እናቴ ከማጂ እንደተመለሰች ደብዳቤውን ሰጠኋት። የት እንደሄድኩ ገባትና አባቴን አየች። አባቴ የጫማውን ጭቃ እየፋቀ ነበር። መነጽሯን አድርጋ እንደ ወትሮው ጮክ ብላ አነበበች። ሰላምታው አለቀ። «በዚህ ሴሚስተር ሁለተኛ ወጣሁ» ይላል ደብዳቤው።

እናቴ ቆም አለች። «ሁለተኛ?» አለች። «ምን ነካት?»

ፊቴን አይታ እንደማውቅ አወቀች። ዓይኗን ከዓይኔ አላነሳችም። ልትወድቅ ነው ብዬ ጠበቅኩ፣ ወይም ልታለቅስ።

«ደብተሯን አሳየችሽ?» አለችኝ።

«አሳየችኝ።»

«ጽሑፏ እንደ ድሮው ነው?»

«እንደ ድሮው ነው።»

ወረቀቱን በልኩ አጥፋ ከሌሎቹ ጋር በዚፕ የሚዘጋው የመጽሐፍ ቅዱሷ ልባስ ውስጥ ከተተችው።

«መልስ ጻፊላት» አለች። «ለሚቀጥለው አንደኛ እንድትወጣ በርቺ በያት።»

ወረቀት አመጣሁ። ጻፍኩላት።